ካፒቶል ሪፍ መቼ ባዶ ሆኖ ያውቃል? ለአንድ የጉዞ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ካፒቶል ሪፍ ብሔራዊ ፓርክ የተጻፈ አንድ የአማርኛ የጉዞ ጽሑፍ ወዳጆቼ እየተቀባበሉ ላኩልኝ። ፓርኩ ያለው አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ነው። ጽሑፉ ከዴንቨር ወደ ላስ ቬጋስ በመኪና ለሚመላለሱ ሀበሾች የታሰበ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። በዚያ መስመር ዘመድ ጥየቃ፣ ሠርግና ልቅሶ የሚሄድ ወገን ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ነዳጅ ቀድቶ ያልፋል እንጂ ግራ ቀኙን አያይም። ሰው ዞር ብሎ እንዲያይ መጋበዙ ያስመሰግናል። ችግሩ ያለው ግብዣው ውስጥ በተነገረው ነገር ላይ ነው።

ላላነበባችሁት ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ዛዮን የሚባለውን ሌላውን የዩታ ፓርክ ላየ ሰው ካፒቶል ሪፍ አዲስ ነገር ስለሌለው አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ገደሉ ላይ ያሉት ሥዕሎች ከ10 ሺህ ዓመት በላይ ናቸው፤ ምን ማለት እንደሆኑም ታውቋል። የቀረጻቸው ሕዝብ የት እንደገባ ሳይታወቅ ጠፍቷል። በኋላ ሞርሞኖች፣ አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተ ሃይማኖት ተከታዮች፣ መጡና ማንም ያልኖረበትን በረሃ ገነት አደረጉት። ስማቸውንም ድንጋይ ላይ ቀርጸዋል፣ እና እኛ ብንቀርጽ ምን ነውር አለው? ሰማዩ ከጠራ ካንየኖቹ (በገደል መሃል ያሉት ጠባብ ሸለቆዎች) አያሰጉም። ፍራፍሬውም በነፃ ነው፣ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ።

በየተራ እመልሳለሁ። ቅደም ተከተሉን ግን እቀይራለሁ፤ ከስህተቶቹ አንዱ ሰው ሊገድል ይችላልና። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ሰማዩ ከጠራ አያሰጋም»

ጸሐፊው ግራንድ ዋሽ እና ካፒቶል ጎርጅ የሚባሉት ካንየኖች ዳገት ስለሌላቸው ለልጅም ለአዋቂም ይመቻሉ ብለዋል። ልክ ነው። ዳገት የሌላቸው ግን የደረቁ የወንዝ አልጋዎች ስለሆኑ ነው። ግራንድ ዋሽ በጠበበበት ቦታ ግራና ቀኙ ከ200 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ድንጋይ ነው። በመሃል ያለው መተላለፊያ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ የቆመ ሰው የሚያየው የሰማይ ቁራጭ ምን ያህል እንደሆነ አስቡት። ያ ቁራጭ ሰማያዊ ሆኖ ሳለ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ዝናብ ሊወርድ ይችላል።

አካባቢው በአብዛኛው ራቁቱን የቀረ ድንጋይ ነው። ውሃ አይመጥም። የዘነበው ሁሉ ተንሸራቶ ወደ ጠባቦቹ ካንየኖች ይገባና ጭቃ፣ ግንድና ቋጥኝ ይዞ ይወርዳል። ደራሽ ጎርፍ የሚባለው ይኼ ነው። ፓርኩ መሃል ያለው የፍሩታ ሸለቆ በዓመት የሚያገኘው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ያዘናጋል። ነገር ግን በተለይ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ከሰዓት በኋላ ድንገት የሚነሳው ወጀብ በጥቂት ደቂቃ ብዙ ያወርዳል። በ2022 በሰኔ ወር ካፒቶል ጎርጅ የገባው ጎርፍ የጎብኚዎችን መኪና ጠርጎ ወስዷል። መውጫ ያጡትን ሰዎች ለማውጣትም የነፍስ አድን ሠራተኞች መሰማራት ነበረባቸው።

ስለዚህ የሚሠራው እንዲህ ነው። ካንየን ከመግባት በፊት የጎብኚዎች ማዕከሉ ጎራ ብሎ የዕለቱን የአየር ትንበያ መጠየቅ። ሬንጀሮቹ (የፓርኩ ጠባቂዎች) ወጀብ ያሰጋል ካሉ፣ በቃ፣ ሌላ ቦታ መሄድ። ውስጥ እያላችሁ ውሃው ከደፈረሰ ወይም የጉርምርምታ ድምፅ ከሰማችሁ ዕቃ ሳትሰበስቡ ወደ ከፍታ መውጣት። ጎርፍ የሚያቋርጠውን መንገድ ደግሞ «መኪናዬ ትልቅ ነው» ብሎ አለመድፈር። ጸሐፊው ሌላውን ባያርሙት እንኳ ይህችን መስመር ቢያወጧት ደስ ይለኛል።

«አንድ ሰዓት ይበቃል»

ሀይዌይ 24 ፓርኩን ሰንጥቆ ያልፋል። ሳይቆሙ ለሚነዱ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ግን በዚህ ስሌት ከሄድን ላሊበላንም በመኪና መስኮት አይቶ ማለፍ ይቻላል።

ዛዮንን ያየ ሰው የማያየው ነገር ይኸውላችሁ። የካፒቶል ሪፍ ዋና ጉዳይ ወተርፖኬት ፎልድ ነው። ይህ 160 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የምድር ቅርፊት እጥፋት ነው። ከ50 እስከ 70 ሚሊዮን ዓመት በፊት መሬቱ ከሥር ሲገፋ የምዕራቡ ወገን ድንጋይ ከምሥራቁ በ2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ታጠፈ። ከዚያ ውሃና ንፋስ ላዩን ሸረሸሩት። አሁን መንገዱን ይዞ ለሚሄድ ሰው የድንጋዩ ንብርብሮች ጋደም ብለው በየተራ ይወጣሉ፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ግራጫ፣ ደግሞ ቀይ። ፓርኩ ቀጭንና ረጅም የሆነውም ይህን እጥፋት ተከትሎ ስለተከለለ ነው። ስፋቱ ወደ 980 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው።

ሌላም አለ። ዛዮን በዓመት ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገባበታል። ካፒቶል ሪፍ የሚመጣው ከአንድ ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም። ዛዮን ላይ ለአውቶቡስ ተሰልፎ የቆመ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

«ከ10 ሺህ ዓመት በላይ ነው፣ ትርጉሙም ታውቋል»

ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው።

ጸሐፊው የሚያወሩት ከጎብኚዎች ማዕከሉ በስተምሥራቅ ሀይዌይ 24 ዳር ስላለው ገደል ነው። የእንጨት መሄጃ ተሠርቶለታል፣ ሥዕሎቹ የሚታዩት ከዚያ ላይ ሆኖ ነው። ትከሻቸው ሰፊ፣ ወገባቸው ጠበብ ያለ የሰው ቅርጾች አሉ። ራሳቸው ላይ ጌጥ አላቸው፣ አንዳንዶቹ የአንገት ሐብል ያደረጉ ይመስላሉ። አጠገባቸው ቀንዳቸው የተጠማዘዘ የዱር በጎች አሉ። የዚህ ዓይነት አቀራረጽ ፍሪሞንት ተብሎ የሚታወቀው ባህል መለያ ነው። ያ ባህል የሚቀመጠው በግምት ከ300 እስከ 1300 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። 10 ሺህ ዓመት ከየት እንደመጣ አልገባኝም። በዩታ በረሃ ከፍሪሞንት የሚቀድሙ ሥዕሎች አሉ፤ ከዚህ ብዙም በማይርቀው ሆርስሹ ካንየን ያሉት ትልልቅ የቀለም ሥዕሎች ከነዚህ ናቸው። ጸሐፊው ሁለቱን አደባልቀው ይሆናል።

ዕድሜውስ እንዴት ይታወቃል? የበረሃ ድንጋይ በረጅም ዘመን ውስጥ ጠቆር ያለ ሽፋን ያወጣል። ብረትና ማንጋኒዝ ያለበት ስስ ቆዳ ነው። ሠሪዎቹ ይህን ቆዳ በሌላ ድንጋይ እየጠቀጠቁ አንስተው ከሥሩ ያለውን ፈዘዝ ያለ ቀለም አወጡት። እንግዲህ ነገሩ ቅርጽ እንጂ ቀለም ስላልሆነ በካርበን ለመለካት የሚሆን ነገር አይገኝበትም። ባለሙያዎች የሚያነጻጽሩት ከሌላ ግኝት ጋር ነው። ለምሳሌ ፍሪሞንቶች በእሳት ያልተጠበሱ ትንንሽ የጭቃ ምስሎች ይሠሩ ነበር። ያው ሰፊ ትከሻ፣ ያው ሐብል ምስሎቹም ላይ አለ። እነዚህ ደግሞ ዕድሜያቸው ሊለካ ከሚችል ዕቃ ጋር አብረው ይገኛሉ። አድካሚ ሥራ ነው፤ ግን በግምት ከመወርወር ይሻላል።

ትርጉሙን በተመለከተ ጸሐፊው በጣም ደፍረዋል። ጠመዝማዛው መስመር የውሃ ካርታ፣ በጎቹ የአደን ማስታወቂያ፣ ትከሻ ሰፊዎቹ ደግሞ ከሰማይ የወረዱ እንግዶች ናቸው ይሉናል። የሰማይ እንግዶቹን ልለፋቸው። በፊልም የለመድነው ነገር ነው። የቀረው ግን መልስ ይፈልጋል፤ ማንም የፈታው የምልክት መዝገብ የለምና። አካባቢውን የአባቶቻችን ነው የሚሉ ነባር ሕዝቦች አሉ። ከነሱ መሃል ሆፒዎች አንዳንዶቹን ምልክቶች ከጎሣና ከስደት ታሪካቸው ጋር ያያይዟቸዋል። ለውጭ ሰው የማይነገር ነገር እንዳለም በግልጽ ይናገራሉ። «ትርጉሙ ታውቋል» የሚለው ቃል ሲሰማ እኔ ቀድሜ የምጠይቀው «ማን ነው ያወቀው?» ብዬ ነው።

በጎቹን ግን በእግረ መንገድ እንያቸው። ፍሪሞንቶች ያድኗቸው ስለነበር መቀረጻቸው አይገርምም። የሚገርመው በኋላ የሆነው ነው። ሰፋሪዎች የቤት በጎቻቸውን ይዘው ከመጡ ወዲህ በሽታና አደን የዱር በጎቹን ከዚህ አካባቢ አጠፋቸው። ፓርኩ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ካንየንላንድስ ከሚባለው ጎረቤት ፓርክ አምጥቶ መለሳቸው። ዛሬ ዕድለኛ የሆነ ሰው ገደሉ ላይ የተቀረጸውንም፣ ገደሉ ላይ የሚዘለውንም በአንድ ቀን ያያል።

ለማየት የምትሄዱ ካላችሁ፣ ርቀት ላይ ያሉ ቅርጾች ስላሉ መነጽር ያዙ፤ የሩቅ ማሳያውን ማለቴ ነው። እጃችሁን ድንጋዩ ላይ አታሳርፉ፣ የእጅ ቅባት ይጎዳዋል። ለፎቶ ጎላ እንዲል ብሎ ጠመኔ መቀባትማ ጭራሽ አይታሰብም።

«ሕዝቡ ጠፋ»

ይህ ዓረፍተ ነገር ብዙ የጉዞ ጽሑፍ ላይ አለ፤ ስለዚህ ጸሐፊውን ብቻ አልወቅስም። ግን እስቲ እንመርምረው።

በ1920ዎቹ መጨረሻ ኖኤል ሞርስ የተባለ ተመራማሪ በፍሪሞንት ወንዝ ዳር ያሉ ዋሻዎችንና መጠለያዎችን አጠና። ከደቡብ ጎረቤቶቹ ዕቃ የሚለይ ዕቃ አገኘ። ቅርጫታቸው አሠራሩ ለየት ይላል፣ ሸክላቸው ግራጫ ነው። ጫማቸው ደግሞ ድንቅ ነገር ነው። ከአጋዘን ወይም ከዱር በግ የእግር ቆዳ ይሠሩትና ከኮቴው በላይ ያለችውን ትንሿን ጥፍር ተረከዙ ላይ ይተዋታል። እንዳያንሸራትት ነው ይባላል። ሞርስ ይህን ሁሉ ሰብስቦ በወንዙ ስም ፍሪሞንት ባህል አለው። ወንዙ ራሱ የተጠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በነበረው አሜሪካዊ አሳሽ በጆን ፍሪሞንት ነው።

እንግዲህ 1300 ላይ የሚቆመው ይህ የዕቃ ስብስብ ነው። ዕቃው መሠራቱ ሲያቆም የባለሙያዎቹም ስያሜ ያልቃል። ሰዎቹ ግን እግር አላቸው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የአየሩ ጠባይ ተለወጠ፣ ድርቅ መጣ፣ በቆሎው እምቢ አለ። ሌሎች ሕዝቦችም ወደ አካባቢው ይገቡ ነበር። በዚህ ጊዜ ሰው የሚያደርገውን አደረጉ። ከፊሉ ተሰደደ፣ ከፊሉ ከመጤው ጋር ተዋለደ፣ ከፊሉ እርሻውን ትቶ አደንና ለቀማ ላይ አተኮረ። ሆፒዎች፣ ዙኒዎችና ፓዩቶች ዛሬም አባቶቻችን ናቸው ይላሉ። ሰፋሪዎች ሲመጡም ፓዩቶችና ዩቶች በዚያው አካባቢ ይንቀሳቀሱ ነበር።

ጸሐፊው ያልጠቀሱት አንድ ታሪክ አለ፤ ለዚህ ክርክር ከሱ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በ1926 ኢፍሬም ፔክቶል የተባለ የቶሪ ከተማ ነጋዴና የሞርሞን ጳጳስ (እነሱ የአጥቢያ መሪያቸውን እንዲህ ይሉታል) ከባለቤቱ ጋር ሲያስስ ከአንድ የድንጋይ መጠለያ ውስጥ ሦስት ትልልቅ ጋሻዎች አገኘ። ከአሜሪካ ጎሽ ቆዳ የተሠሩና በቀለም ያሸበረቁ ናቸው። የተገኙበት መሬት የመንግሥት ስለነበር በኋላ መንግሥት ወሰዳቸው፤ ለብዙ ዓመታትም ካፒቶል ሪፍ ውስጥ ለጎብኚ ታዩ። የቆዳው ዕድሜ ሲለካ በፍሪሞንት ዘመን ሳይሆን ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ሆነው ተገኙ። «ሕዝቡ ጠፋ» ከተባለ በኋላ ማለት ነው።

ከዚያ የይገባኛል ጥያቄ መጣ። የነባር ሕዝቦች መቃብርና ቅዱስ ዕቃ እንዲመለስ የሚያዝዝ ሕግ በ1990 ወጥቶ ነበር። በዚህ ሕግ ከአንድ በላይ ሕዝብ ጋሻዎቹን ጠየቀ። የናቫሆ ወገን ያቀረበው ከአንድ የባህል መድኃኒት አዋቂ አፍ የተወሰደ፣ ከትውልድ ትውልድ የተላለፈ ታሪክ ነበር። ጋሻዎቹን ማን እንደሠራቸውና ለምን እንደተደበቁ የሚናገር ታሪክ ነው። የፓርኩ አስተዳደር ተቀበለውና በ2003 ጋሻዎቹ ለናቫሆ ሕዝብ ተመለሱ። ውሳኔውን ሁሉም አልወደደውም፤ ክርክሩ ጠንካራ ነበር። ለኔ የሚያስቀው ግን ሌላ ነው። ጠፉ በተባሉ ሰዎች ምድር የተገኘ ዕቃ ላይ ባለቤት ነኝ የሚል ጠፍቶ ሳይሆን በዝቶ ነበር ችግሩ።

«ማንም ያልኖረበትን በረሃ ገነት አደረጉት»

የሞርሞን ሰፋሪዎቹን ድካም አላሳንስም። እንዲያውም ጸሐፊው የጻፉላቸው ከሚገባቸው ያነሰ ይመስለኛል። ፍሩታ የተባለችው መንደር የተመሠረተችው በ1880 ገደማ ነው። ኔልስ ጆንሰን የመጀመሪያው ቋሚ ነዋሪ ተደርጎ ይቆጠራል። መንደሯ በአንድ ጊዜ ከ10 ቤተሰብ በላይ ኖሮባት አያውቅም። በ1896 ነዋሪዎቹ ራሳቸው አንዲት ክፍል ያላት የእንጨት ትምህርት ቤት ሠሩ። የመጀመሪያዋ አስተማሪ ኔቲ ቤሁኒን ማስተማር ስትጀምር ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። ያቺው ክፍል እሑድ ጸሎት ቤት፣ በበዓል ደግሞ ጭፈራ ቤት ነበረች። በ1941 ተማሪ አልቆ ተዘጋች። ጸሐፊው በመስኮት ብቻ መታየቷ አናድዷቸዋል፤ እዚህ ላይ አብሬያቸው እናደዳለሁ።

የኔቲ አባት ኤላይጃ ከትለር ቤሁኒን በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከፍሩታ ወረድ ብሎ የሠራት የድንጋይ ጎጆ ዛሬም ሀይዌይ 24 ዳር ቆማለች። ቤተሰቡ 13 ልጆች ነበሩት። ጎጆዋን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ነው የሚያድሩት?» ብሎ ነው። ወላጆችና ትንንሾቹ ውስጥ፣ ሴቶቹ ልጆች ጋሪው ላይ፣ ትልልቆቹ ወንዶች ገደሉ ሥር ባለ ጎድጓዳ ነበር አዳራቸው። አንድ ዓመት ያህል እንደኖሩ ጎርፍ እርሻቸውን ጠረገውና ወደ ፍሩታ ተነሱ። ከዚያ በታች በወንዙ ዳር የነበሩት መንደሮች ደግሞ የባሰ ገጠማቸው። ጋይልስ የምትባለው በ1909 ጎርፍ ግድቧ ከፈረሰ በኋላ ሰዎቿ ጥለዋት ሄዱ።

ታዲያ ፍሩታ ለምን ተረፈች? «ጠንክረው ስለሠሩ» የሚለው የጸሐፊው መልስ አይበቃም። የጋይልስ ሰዎችም ጠንክረው ሠርተዋል። ፍሩታ ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ናት፤ ውሃ አይቋረጥባትም። የሚከቧት ቀይ ገደሎች ቀን ያሞቁትን ሌሊት ይመልሱታል፣ ለፍራፍሬ ይመቻል። የታችኞቹ መንደሮች ያረፉበት አፈር ደግሞ ወንዙ በቀላሉ የሚቦረቡረው ነበር። ሰፋሪዎቹ ብልህ የነበሩት ቦታ በመምረጥ ነው። ቦታውን ደግሞ ቀድሞ የመረጠው ሰው ነበር።

ይህን ለማየት ወደ ሂክማን ድልድይ የሚወስደውን መንገድ መያዝ ይበቃል። ድልድዩ 40 ሜትር ስፋት ያለው፣ ተፈጥሮ የሠራችው የድንጋይ ቅስት ነው። ሁሉም ወደሱ ይሮጣል። በመንገዱ ላይ ግን ከፊሉ መሬት ውስጥ የተቆፈረ የፍሪሞንት ቤት መሠረትና አለቱ ሥር የተሸጎጠ ጎተራ አለ። ጎተራ የሚሠራ ሰው የሚያከማች እህል አለው፤ በቆሎ፣ ባቄላና ዱባ ያመርቱ ነበር። ፓርኩን በሚያቋርጠው በፕሌዘንት ክሪክ ውሃ ላይ ደግሞ ተመራማሪዎች ከሰፋሪዎች በፊት የተቆፈረ፣ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም የፍሪሞንት የመስኖ ቦይ መዝግበዋል። መስኖ ወደዚህ ምድር በጋሪ ተጭኖ አልመጣም ማለት ነው።

«እነሱም ቀርጸዋል፣ እኛስ?»

ካፒቶል ጎርጅ ውስጥ ፓዮኒር ሬጂስተር የሚባል ግድግዳ አለ። የመንገደኞች ስምና ዓመት ተቀርጾበታል፤ የሚቀድመው 1871 ላይ ያለፉ ማዕድን ፈላጊዎች የተዉት ነው። እዚህ ለምን ተጻፈ? ወተርፖኬት ፎልድ ለጋሪ አጥር ነው። ማለፊያ የሚሰጠው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው። በ1884 ቤሁኒን ከሌሎች ጋር ሆኖ በካፒቶል ጎርጅ የጋሪ መንገድ ጠረገ፤ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ለምትሆን መንገድ 8 ቀን ፈጀባቸው። ከዚያ በኋላ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ቋጥኝ ማንሳት ነበረባቸው። የአካባቢው ዋና መንገድ ይኼው ሆኖ እስከ 1962 ቆየ። በዚያ ዓመት የዛሬው ሀይዌይ 24 በወንዙ ዳር ተከፈተ።

ጸሐፊው «ሬንጀሩ ለነሱ ቅርስ፣ ለኛ ወንጀል ይለዋል» ብለው ተቆጥተዋል። ቁጣቸው ትንሽ ሐቅ አለው። በ1911 የመንግሥት ቀያሾች ራሳቸው እዚያው ግድግዳ ላይ ከፍ አድርገው ስማቸውን ጽፈዋል። ሰፋሪዎችም ሁልጊዜ ጨዋ አልነበሩም። እዚያው ካንየን ውስጥ ባሉ የፍሪሞንት ቅርጾች ላይ ስም የጻፈ አለ፣ የተኮሰም አለ። ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት «እኛም እንድገም» ነው እንዴ? ያኔ ቦታው መንገድ ነበር። በ1937 በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አዋጅ ተከልሎ ናሽናል ሞኑመንት የሚባል ጥብቅ ቦታ ሆነ፤ በ1971 ብሔራዊ ፓርክ። ከዚያ ወዲህ መቅረጽ በሕግ ያስቀጣል። ደግሞስ ያለፈው ሰው ስም የምናነበው በላዩ ላይ ሺህ ሰው ስላልጻፈበት ነው። ግድግዳው አንድ ነው፣ በዓመት የሚመጣው ከሚሊዮን በላይ። ሁሉም የጸሐፊውን ምክር ቢሰማ በሚቀጥለው ክረምት የሚነበብ ነገር አይኖርም።

ሌሎች ጥቃቅኖች

ቡች ካሲዲ የተባለው ሽፍታ ግራንድ ዋሽ ውስጥ ይኖር ነበር ተብሏል። ተደብቆበታል የሚል ወሬ አለ፣ ካሲዲ አርች የሚባለው የድንጋይ ቅስትም በስሙ ነው። ከወሬ አልፎ «ይኖር ነበር» ለማለት ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። ኮሃብ ካንየንም እንዲሁ ነው። ከአንድ በላይ ሚስት ያገቡ ሞርሞኖች በ1880ዎቹ ከፌዴራል ፖሊስ ይሸሸጉበት ነበር ይባላል። ይባላል ነው።

መንግሥት ገበሬዎቹን አባረረ የሚለው ግን ግማሽ እውነት አለው። ፓርክ ይሁን ብለው ቀድመው የጮኹት የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ ጋሻዎቹን ያገኘው ፔክቶልና የትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረው ጆሴፍ ሂክማን። ዓላማቸው መንገድና ጎብኚ እንዲመጣ ነበር። ሁለቱም መጡ፤ ከነሱ ጋር የመሬት ግዢም መጣ። ፓርኩ የፍሩታን ይዞታዎች አንድ በአንድ ገዛ። የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች የጊፎርድ ቤተሰብ ናቸው፣ በ1969 ሸጠው ወጡ። በመሣሪያ የተባረረ የለም። ግን ጎረቤቱ ሁሉ ሸጦ ሲሄድ የቀረ ሰው ሸጠ ሲባል ምን ያህል በፈቃዱ እንደሆነ ጥያቄው ይገባኛል። ከመንደሯ ቤቶች አብዛኞቹ መፍረሳቸውም ያሳዝናል።

የመጨረሻው ፍራፍሬው ነው። ሰፋሪዎቹ የጀመሩትን ማሳ አሁን ፓርኩ ይንከባከበዋል። ሁለት ሺህ ገደማ ዛፍ አለ፤ ቼሪ፣ አፕሪኮት፣ ኮክ፣ ፒር፣ ፖም። ውሃው አሁንም በቦይ ነው የሚሄደው። ነፃ የሚሆነው እዚያው ማሳ ውስጥ ቆማችሁ የምትበሉት ነው። ይዛችሁ ለምትወጡት በሩ ላይ ሚዛንና የገንዘብ ሳጥን አለ፤ መዝናችሁ ትከፍላላችሁ። ሻጭ የለም፣ በእምነት ነው የሚሠራው። ልቀሙ የሚል ምልክት ያልተሰቀለበት ማሳ ውስጥ አይለቀምም። ቼሪ የሚደርሰው ሰኔ አካባቢ ነው፣ ኮክ ነሐሴ፣ ፖም ከመስከረም ጀምሮ። ቀኑ እንደ ውርጩ ሁኔታ ስለሚለዋወጥ ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ። ምንም ካልደረሰ የጊፎርዶች ቤት ፓይ ይሸጣል፤ በረዶ በሚጥልባቸው የብርድ ወራት ግን ዝግ ነው። ምሳ ለሚያስፈልጋችሁ ቶሪ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ፓርኩ ውስጥ ምግብ ቤትም ማደያም የለም።